ሦስት ከተሞች፣ ሦስት ምልክቶች

አራት ጠጠርና አንድ ጭራሮ ያዙና አፈር ላይ ቁጭ በሉ። ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ። አንዱን ጠጠር ማህል አስቀምጡ፤ እሱ አዲስ አበባ ነው። ሁለተኛውን ከበላይ፣ በሰሜን አስቀምጡ፤ ሱሉልታ ነው። ሦስተኛው በስተግራ፣ በምዕራብ፤ ቡራዩ ነው። አራተኛው ከቡራዩ በታች፣ በደቡብ ምዕራብ፤ እሱ ሰበታ ነው። ከአዲስ አበባ ማህል ተነሥቶ ወደ አንዱ ቢሄዱ፣ የሩቁ የአምስት ስድስት ሰዓት የእግር መንገድ ቢሆን ነው።

አሁን በአዲስ አበባና በሱሉልታ መካከል በጭራሮው መስመር አስምሩ። ይህ የእንጦጦ ጋራ ነው። ልብ በሉ፤ ዝናብ ሲዘንብ ጋራው እንደ ቤት ጣሪያ ውሃውን ለሁለት ይከፍለዋል። በደቡብ የወረደው ወደ አቃቂ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር አያይም፤ በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በሰሜን የወረደው ግን በሱሉልታ በኩል ሙገር ይገባል፤ ሙገርም ዓባይን ይቀላቀላል። ስለዚህ የሱሉልታ ውሃ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ ይደርሳል፤ ከዚያ አልፎም ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ይወርዳል።

በኖርዌይ አገር የገጠሩ ወረዳ በጋሻ ላይ የተሣለ ምልክት አለው። የሚሣለው አገሩ የሚታወቅበት ነገር ነው፤ አውሬ፣ ዛፍ ወይም ሌላ። እኛስ ለሦስቱ ከተሞች ብንሥል ምን እንሥላለን?

እኔን ከጠየቃችሁ ለሰበታ ጥድ እሥላለሁ። ከሰበታ በላይ የወጨጫ ተራራ አለ። በምዕራብ ወገኑ የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋ፣ ከወፍ ዋሻ፣ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ደን የሌለው ከተማ ምን እንደሚሆን አዲስ አበባ አይታዋለች። በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ብዙም ሳትቆይ እንጨት አለቀባት። ዐፄ ምኒልክም ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ተነሥተው ነበር። ያተረፋት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።

ሰበታ ሌላም መታወቂያ አላት፤ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ። እዚያ ፊደል የሚነበበው በጣት ጫፍ ነው። ከወረቀቱ ላይ ጎበጥ ጎበጥ ያለውን ነጠብጣብ እየዳሰሱ ያነባሉ። እናንተም ፊደል ስትቆጥሩ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አልነበረም?

ለቡራዩ ጎሽ እሥላለሁ። ከቡራዩ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ገፈርሳ አለ። ገፈርሳ በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው። ዛሬ እዚያ ጎሽ ብትፈልጉ አታገኙም። የምታገኙት ግድብ ነው፤ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ከተሠሩት ግድቦች ቀዳሚው።

ለሱሉልታ ዝይ ይሁን። ሜዳው በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ ረግረግ ይሆናል። ክንፈ ሰማያዊ ዝይ የምትወደው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። ይህች ወፍ ከአገራችን ደጋ በቀር የትም የላትም። ሱሉልታን ሯጮችም ይወዱታል። ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ እዚያ የለመደ ሰው ቆላ ሲወርድ ትንፋሽ አይቸግረውም። ቀነኒሳ በቀለም የመሮጫ ሜዳ አሠርቶበታል።

ታዲያ ጥዱም ዝይዋም የቆሙበት መሬት ብዙ አይቷል። የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ በ20 ጋሻ መሬት አንድ የገበሬ ማኅበር ይቋቋም ተባለ። ኋላ ከተማው ወደ ማሳው መጣ። በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያጣመረ ማስተር ፕላን ተቃውሞ አስነሣ። የሰው ሕይወት ጠፋ። በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ ተሰረዘ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሦስቱም ከሌሎች የዙሪያው ከተሞች ጋር ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ተጠቃለሉ። ረግረግ ላይ ቤት ሲሠራ የክረምቱ ውሃ መተኛ ያጣል፤ ዝይዋም እንዲሁ።

ከሸገር ክፍለ ከተሞች አንዱ ገፈርሳ ጉጄ ይባላል። ጎሹ የቀረው በስም ነው። የሱባ ጥድ ግን ዛሬም ቆሟል፤ ሄዳችሁ ግንዱን በእጃችሁ ልትዳስሱት ትችላላችሁ።