ከፈረሰኞች መንደር ለመኖር ያሰበ ቤተሰብ

ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ሰው ባለፈው ዓመት ከባለቤቱ ጋር ደሴ ከሚገኘው ቤቴ ድረስ ለምክር መጣ። ባልና ሚስቱ በላባቸው የሠሩት ቤት ኮምቦልቻ አላቸው። ከአባቱ ደግሞ በወረኢሉ ደጋ የእርሻ ይዞታና ሁለት ፈረሶች ወርሷል። «የኔታ፣ ቤታችንን ሸጠን ፈረስ ከሌለው ደጃፍ በማይገኝበት መንደር እንኑርን? ወይስ ፈረሶቹን ወደ ኮምቦልቻ እናውርዳቸው?» ሲል ጠየቀኝ። ባለቤቱ ዝም ብላ መሬት መሬት ታይ ነበር።

የወሎ ሰው ፈረስ ቢወድ አይፈረድበትም። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ዘመቻ ሠራዊታቸውን የከተቱት ወረኢሉ ላይ ነው። በኋላ ንጉሥ የተባሉት ራስ ሚካኤልም፣ በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ፣ የወሎን ፈረሰኛ አስከትለው ዘምተዋል። ዳሩ ግን ፍቅር ብቻውን ድርቆሽ አይሆንም።

ስለዚህ አስቀድመን የቦታውን ጠባይ መረመርን። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲኖራት፣ ኮምቦልቻ ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ተወርዶ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የተባለውን ደዌ የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ሙቀትና እርጥበት ባለበት ስፍራ ይበረክታሉ። ደዌው ከያዘ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ነው። እንዲሁም የጋሪ ፈረሶችን በእባጭና በቁስል የሚያሠቃይ ሌላ በሽታ ማሰሪያው በላጠው ገላ ይገባል። እንግዲህ ለፈረስ ጤና ደጋው ይሻላል። ነገር ግን የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ያለው በኮምቦልቻ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም በደሴ ነው። ጤናው ከላይ፣ ሐኪሙ ከታች ሆነ ማለት ነው።

ከዚያም እርሳስና ወረቀት አንሥተን ወጪውን አሰላን። 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ደረቅ መኖ ይሻል። ለሁለቱ በዓመት 40 ኩንታል ያህል መሆኑ ነው። ይህ በደጋው ከገዛ ማሳና ከግጦሽ ይገኛል፤ በኮምቦልቻ ግን በገንዘብ ይገዛል። በየቀኑ ውኃ መቅዳት፣ ፋንድያ መጥረግ፣ በየሁለት ወሩም ያህል ሰኰና መከርከም አለ። የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስ በአፈርና በፈረስ ፋንድያ ውስጥ ስለሚኖር ልጆች ክትባታቸው ሊጓደል አይገባም፤ ከፈረስ ኋላ እንዳይቆሙም ከመጀመሪያው ቀን መማር አለባቸው።

በዚህ ጊዜ ዝም ብላ የነበረችው ባለቤቱ፣ «የኔታ፣ መኖውስ በጉልበት ይገኛል። እርሱ ለሥራ ርቆ ሳለ ፈረሱ በሌሊት ቢታመም ማን ይደርስልኛል?» አለች።

ከሁላችን ጥያቄ የእርሷ በለጠ። የአገውን ፈረሰኞች የሚመለከት ሰው መልሱን ያገኛል። በአዊ ምድር የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ በዐድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን በማሰብ ጥር 23 ቀን በየዓመቱ ያከብራል። እንግዳ ሰው ያጌጠውን ኮርቻና ግልቢያውን ያደንቃል። ያን ሁሉ ያቆየው ግን ማኅበር መሆኑ ነው። ፈረስ በአንድ ቤት ጉልበት ብቻ አይያዝም፤ ጎረቤት ይፈልጋል። ጎረቤት ደግሞ በአንድ በጋ ጉብኝት አይታወቅም።

ስለዚህ ቤቱን አትሽጡ፣ ለአንድ ዓመት አከራዩትና ክረምቱን ከዚያ ክረሙ አልኋቸው። ምክሬን ተቀብለው ሄዱ።

በነሐሴ ወር ስልክ ደወለችልኝ። ባሏ ኮምቦልቻ በወረደበት ሌሊት አንደኛው ፈረስ በሆድ ቁርጠት ተይዞ ይንከባለል ጀመር። ጩኸቷን ሰምተው ክርስቲያኑም እስላሙም ጎረቤት በዝናብ ወጣ፤ እየተፈራረቁም ፈረሱን እስኪነጋ በእግሩ አንሸራሸሩት። ጎሕ ሲቀድ ፈረሱ ተሻለው። «የኔታ፣ ጥያቄዬ ተመለሰልኝ። የታላቂቱ ልጄ ትምህርት ነገር ግን ገና አልተቈረጠልኝምና ቤቱ አይሸጥ» አለችኝ።

ቤቱ እስከ ዛሬ አልተሸጠም፤ እነርሱም ከዚያው ናቸው። እናንተም እንዲህ ያለ አሳብ ቢመጣባችሁ፣ ፈረሱን ከማየታችሁ በፊት ጎረቤቱን እዩ፤ በቤታችሁ ዝም ያለውንም ሰው አስቀድማችሁ ጠይቁ።