በመርከብ ጉዞ ለስላሳውን ከቤት እንያዝ ወይስ ጥቅሉን እንግዛ?

ከሀይፋ ወደብ ተነስታችሁ ወደ ቆጵሮስና ወደ ግሪክ ደሴቶች በመርከብ ለመዝናናት ስታስቡ «የመጠጥ ጥቅል ልጨምርላችሁ?» መባሉ አይቀርም። እናቶችና አባቶች፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩት።

ጥቅሉ የሚታሰበው በቀን ነው። ጠጣችሁም አልጠጣችሁም፣ ወርዳችሁ ከተማ ስትዞሩ የዋላችሁበትም ቀን ይከፈልበታል። አንዱን ጥቅል ባልና ሚስት ሊካፈሉት አይፈቀድም። ለምሳሌ ጥቅሉ በቀን 40 ሼቄል፣ አንዱ ጣሳ 10 ሼቄል ቢሆን፣ ገንዘቡን የሚያወጣው በቀን ከ4 በላይ የሚጠጣ ሰው ነው። የስኳር ሕመም ላለበት ደግሞ ይሄ ትርፍ ሳይሆን ጉዳት ነው። ውኃ፣ ሻይና ቡና ግን አብዛኛውን ጊዜ በምግብ አዳራሹ በነፃ ይገኛሉ።

ይዞ መግባቱስ? እንደ ኩባንያው ነው። ሮያል ካሪቢያን በመሳፈሪያው ቀን እስከ 12 ጣሳ ወይም ትንንሽ ጠርሙስ ለስላሳ በእጅ ሻንጣ ይፈቅዳል፤ ኖርዌጂያን ለስላሳ ማስገባት ይከለክላል።

የሰንበት ነገርም አለ። መርከብ ላይ መጠጥ የሚሰጠው ካርድ እየታየ ነው፤ ጥቅል የገዛም ሰው ቢሆን በየብርጭቆው ካርዱን ያሳያል። ሰንበት ለሚያከብር ሰው ይሄ አይሆንም። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ክፍሉ ውስጥ ያስቀመጠው ጠርሙስ ግን ያለ ሐሳብ ያውለዋል።

ስለዚህ ትኬት ስትቆርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ይፈቀዳል? በጣሳ ነው በጠርሙስ? የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበታል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ልጆቻችሁም ያንብቡላችሁ።