ሦስተኛው ወረቀት

የናይሮቢው ኢስትሊ ውስጥ የኬንያን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና፣ ኬሲኤስኢን፣ በግል ለመፈተን የሚዘጋጅ ሐበሻ ወጣት ማግኘት አይቸግርም። ቀን ፈርስት አቬኑ ላይ ሱቅ ይጠብቃል፣ ማታ ቲውሽን፣ የማስጠኛ ትምህርት፣ ይገባል። የሚያጠናው ኬሚስትሪ ከሆነ የያዘው ጥራዝ ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ ያለፉት ዓመታት የአንደኛና የሁለተኛ ወረቀት ጥያቄዎች። ሦስተኛው ወረቀት የታለ ብላችሁ ብትጠይቁት፣ «እሱ ላብራቶሪ ነው፣ ቀኑ ሲደርስ ይታያል» ይላችኋል። ይህ አነጋገር ያበሳጨኛል። ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ከሦስቱ ወረቀቶች ይበልጥ የሚያዋጣው ይኸው የተናቀው ነው።

ፈተናውን የሚያዘጋጀው በ1980 የተቋቋመው የኬንያ ብሔራዊ የፈተናዎች ምክር ቤት ነው፤ ኬሲኤስኢ የተጀመረው በ1989 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ባዮሎጂ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ እያንዳንዳቸው ሦስት ወረቀት አላቸው፤ ሁለቱ የቲዎሪ፣ ሦስተኛው የተግባር።

ኢትዮጵያ ተምሮ ለመጣ ሰው ይህ እንግዳ ነው። የእኛ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሳይንስን የሚለካው በምርጫ ጥያቄ ነው። ቢዩሬት (ፈሳሽ እየለኩ የሚያወርዱበት ባለ መስመር ቱቦ) በእጁ ይዞ የማያውቅ ልጅ በኬሚስትሪ ከፍተኛ ውጤት ሊያመጣ ይችላል። እዚህ ግን ተፈታኙ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረለትን ዕቃ አንስቶ፣ ሠርቶ፣ ያየውን ጽፎ ነው ነጥብ የሚያገኘው።

ስንት ነጥብ? የኬሚስትሪን ስሌት እንይ። አንደኛና ሁለተኛ ወረቀት እያንዳንዳቸው ከ80 ይታረማሉ። ድምሩ 160 ወደ 60 ይቀየራል። ሦስተኛው ወረቀት ከ40 ይታረምና ሳይቀየር እንዳለ ይደመራል። በቲዎሪ 8 ነጥብ የጨመረ ተማሪ በመጨረሻው ውጤት ላይ 3 ብቻ ያተርፋል፤ በተግባር 8 የጨመረ 8ቱንም ይወስዳል። ሌሊቱን ሙሉ ቲዎሪ ሲሸመድድ ለሚያድር ልጅ ይህን ሒሳብ ነግሬው ዝም ብሎ ያየኝ ብዙ ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ በሦስተኛው ወረቀት ላይ ወዳለው የቲትሬሽን ሰንጠረዥ። ቲትሬሽን አንዱን ሶሉሽን ከቢዩሬት እየለቀቁ ሌላውን የሚለኩበት ሙከራ ነው፤ ሰንጠረዡ ንባቡ የሚመዘገብበት ነው። ሦስት ዓምድ አለው፤ ለሦስት ሙከራ። በየዓምዱ የቢዩሬቱ የመጨረሻ ንባብ፣ የመነሻ ንባብና ልዩነታቸው ይጻፋል። ለዚህች ትንሽ ሰንጠረዥና ለአማካይዋ 5 ነጥብ ይሰጣል፤ አሰጣጡም የታወቀ ነው። አንዱ ሰንጠረዡ በትክክል ለመሞላቱ ነው። አንዱ ለአሥርዮሽ አጻጻፍ ነው፦ ንባቡ ሁሉ ወጥ ሆኖ በአንድ ወይም በሁለት አሥርዮሽ ቤት መጻፍ አለበት፤ ሁለት ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው አኃዝ 0 ወይም 5 ብቻ ነው። 24.63 ብሎ የጻፈ ልጅ ቢዩሬቱ ሊያሳየው የማይችለውን አየሁ እያለ ነው፤ አራሚውም አያልፈውም። አንዱ ለንባቡ ትክክለኛነት፣ አንዱ ተቀራራቢ ንባቦችን ብቻ መርጦ አማካይ ለማውጣት፣ የቀረው ለአማካዩ ትክክለኛነት። ከአምስቱ ሁለቱ፣ የሰንጠረዡና የአሥርዮሹ፣ በአንድ ቀትር ልምምድ የእናንተ ይሆናሉ።

«ትክክለኛ» ሲባል ከምን ጋር ተወዳድሮ ነው? ብዙው ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። መልሱ ናይሮቢ ቢሮ ተቀምጦ የሚጠብቅ አንድ ቁጥር ይመስለዋል። አይደለም። በዚያው የፈተና ጣቢያ የኬሚስትሪ መምህሩ ለተፈታኞቹ በቀረበው ኬሚካል ሙከራውን ራሱ ይሠራል፤ ያገኘው ቁጥር ከተማሪዎቹ ወረቀት ጋር ይላካል። የትምህርት ቤቱ ዋጋ የሚባለው እሱ ነው። የተማሪው ንባብ ከዚህ በ0.1 ውስጥ ከሆነ ሙሉ ነጥብ፣ በ0.2 ውስጥ ከሆነ ግማሽ፣ ከዚያ ከራቀ ምንም። የአንዱ ጣቢያ ሶሉሽን ትንሽ ቀጥኖ፣ የሌላው ወፍሮ ሊሆን ስለሚችል ማንም በሌላው ጥፋት እንዳይቀጣ የተደረገ ነው። ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ የአስተራረም ዘዴ አላውቅም።

ስለዚህ «መልሱ ወጥቷል» እየተባለ በስልክ የሚዞረውን ቁጥር በገንዘባችሁ የምትገዙ እባካችሁ ተዉ። ማታለል መሆኑ ይቅርና፣ ኪሱሙ የተገኘ ቁጥር ኢስትሊ ለተበጠበጠ ሶሉሽን ምን ያደርጋል? በዚያው ሰዓት እጃችሁን ብታለማምዱ ይሻላችሁ ነበር። ፈነሉን ቢዩሬቱ አፍ ላይ ትታችሁ አታንብቡ፤ ኋላ የሚወርደው ጠብታ ንባቡን ያበላሻል። ኮኒካል ፍላስኩን በውኃ ብቻ እጠቡት እንጂ በሶሉሽኑ አታለቅልቁት። በየሙከራው ቢዩሬቱን እስከ ዜሮ መሙላትም ግዴታ አይደለም፤ የመነሻ ንባብ የሚጻፈው ለዚህ ነው።

ከሞያሌ በኩል የመጣች፣ እንግሊዝኛዋ ገና ያልጠና አንዲት ልጅ ስትለማመድ አይቻለሁ። የቲዎሪ ጥያቄ አንብባ እስክትረዳ ሰዓቱ ያልቅባታል። ቢዩሬቱ ፊት ግን ጎንበስ ብላ ዓይኗን ከፈሳሹ ወለል ጋር እኩል አድርጋ፣ ቀለሙ ሊለወጥ ሲል በጠብታ በጠብታ እየለቀቀች፣ ሦስቴ ሠርታ ሦስቴም ተቀራራቢ ቁጥር አገኘች። እንግሊዝኛዋ እዚያ ላይ አላገዳትም።

ሰው የት ተማረ፣ ስንት ሰዓት ተቀመጠ ሳይሆን ምን ይችላል ብሎ መጠየቅ በሌላውም ዓለም የቆየ ክርክር ነው። አሜሪካኖች ከ1906 ጀምሮ አንድን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በ120 የክፍል ሰዓት ሲለኩ ኖረዋል፤ ካርኔጊ ዩኒት ይሉታል። በ1968 የትምህርት ተመራማሪው ቤንጃሚን ብሉም ጊዜው ይለያይ፣ መቻሉ ግን አይለያይ ብሎ ጻፈ። የኒው ሃምፕሻየር ግዛት በ2005 ሰዓት መቁጠሩን ትቶ ክሬዲት በችሎታ ማስመስከር እንዲሆን ወሰነ። ኒው ዮርክ ደግሞ የሳይንስ ፈተና ለመቀመጥ 1,200 ደቂቃ የላብራቶሪ ሥራ ሲጠይቅ ኖሯል። የኬንያው የግል ተፈታኝ ማንም ሰዓቱን አይቆጥርበትም፤ በዕለቱ እጁ የሠራው ይበቃዋል።

የቀረው የልምምዱ ቦታ ነው። በአንዳንድ የቲውሽን ቤቶች ቢዩሬት የሚታወቀው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተስሎ ነው፤ ክፍያው ግን ሙሉ ነው። ወላጆች፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ላብራቶሪውን አሳዩን በሉ። ልጁ በዓመቱ ስንት ጊዜ ራሱ ቲትሬሽን ይሠራል፣ ጨውስ በሙከራ ቱቦ ይመረምራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ግልጽ መልስ ካላገኛችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። በኬሲኤስኢ የሚደመደመው የ8-4-4 የትምህርት ሥርዓት የመጨረሻው የትምህርት ቤት ምድብ በ2027 ይፈተናል፤ ልጃችሁን በዚህ መንገድ ልታስፈትኑ ካሰባችሁ ጥያቄውን ዘንድሮ ጠይቁ።