ከታች የተሠራ መሰላል፣ ከላይ የተሠራ መሰላል፦ የድንገተኛ ሕክምና ትምህርት በናይሮቢና በአዲስ አበባ

ላቪንግተን በናይሮቢ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኝ፣ ሰፋፊ ግቢዎችና ዛፎች የሞሉበት የመኖሪያ ሰፈር ሲሆን፣ ሕዝብ ተጨናንቆ ከሚኖርበት ከካዋንግዋሬ ጋር ይጎራበታል። የሁለቱ ሰፈሮች ኑሮ እጅግ ቢራራቅም፣ ልቡ ድንገት የቆመ ሰው አእምሮ ያለ ኦክስጅን ሳይጎዳ የሚቆየው በሁለቱም ዘንድ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ወሳኙ የአምቡላንሱ መድረስ ብቻ ሳይሆን፣ ከአምቡላንሱ የሚወርደው ባለሙያ የተማረው ትምህርት ጭምር ነው።

የኬንያ ሕገ መንግሥት በ2010 ሲጸድቅ (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማንም ሰው የድንገተኛ ሕክምና እንዳይከለከል በአንቀጽ 43 ደነገገ፤ የ2017 የጤና ሕግም ከሆስፒታል በፊት የሚሰጠውን ዕርዳታ በዚሁ መብት ውስጥ አካተተ። ሙያው ግን ከሕጉ ቀድሞ፣ ከታች ወደ ላይ ያደገ ነው። ሴንት ጆን አምቡላንስ የተባለው ድርጅት በኬንያ ሥራ የጀመረው በ1928 ሲሆን፣ ከመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሰጪነት የተነሣ ሠልጣኝ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሺያንነት፣ ከዚያም ወደ ፓራሜዲክነት ይሸጋገራል። ፓራሜዲክ ማለት በመንገድ ላይ ሳለ መድኃኒት መስጠትንና ሰው ሠራሽ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባትን የመሳሰሉ ከፍ ያሉ ተግባራትን ለመፈጸም የሠለጠነ ባለሙያ ነው። በነሐሴ 1998 በአሜሪካ ኤምባሲ ላይ የደረሰው ፍንዳታ፣ በጥር 2019 ደግሞ ከላቪንግተን ብዙም በማይርቀው በሪቨርሳይድ ጎዳና የተፈጸመው ጥቃት የእነዚህን ሰዎች አስፈላጊነት ለከተማው በመራራ መንገድ አሳይተዋል። ያም ሆኖ የድንገተኛ ሕክምና በኬንያ እንደ ራሱን የቻለ የሐኪሞች ስፔሻሊቲ ዕውቅና ያገኘው በ2017 ነው።

በኢትዮጵያ መሰላሉ የተሠራው በተቃራኒው ከላይ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠናን በ2010 ጀምሮ፣ የመጀመሪያዎቹን ስፔሻሊስቶች በ2013 አስመረቀ፤ ለነርሶችም የድንገተኛና የጽኑ ሕሙማን ክብካቤ ማስተርስ ተከፈተ። ከሆስፒታሉ በር ውጭ ያለው ደረጃ ግን በዚያው ፍጥነት አልተከተለም። ለየወረዳው የታደሉት አምቡላንሶች በዋናነት ወላድ እናቶችን ወደ ጤና ተቋም የሚያደርሱ እንጂ በመንገድ ላይ ሕክምና የሚሰጥባቸው አልነበሩም። የጥቁር አንበሳ የሰመመን ነርስ የነበሩት ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው ጠብታ አምቡላንስን መመሥረታቸው፣ ድርጅቱም ወደ ባለሙያ ማሠልጠን መግባቱ የዚህን ክፍተት ስፋት ያሳያል። አንድ ግለሰብ ቤቱን ካልሸጠ የማይሞላ ክፍተት የሀገር ጉዳይ መሆን ይገባዋል።

ተጨማሪ ሥልጠና ለማዕረግ ብቻ የሚፈለግ አይደለም፤ የእጅ ክህሎት ካልተለማመዱት በወራት ውስጥ ይደበዝዛልና። በልብና ሳንባ ማነቃቂያ ሥልጠና የአዋቂን ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ግን ከ6 ሳይበልጥ መጫን፣ ከ30 ጫና በኋላም 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት ይማሩታል፤ ይህን ያወቀ ሰው ሁሉ ግን በላብ በሚያጠምቅ ጭንቀት ውስጥ በትክክል አይፈጽመውም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር የሥልጠና ካርድ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ጀምስ ስታይነር የተባሉ የአጥንት ቀዶ ሐኪም በ1976 በነብራስካ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ባለቤታቸውን አጥተው፣ ልጆቻቸው ያገኙት ሕክምና ጉድለት ስላንገበገባቸው ያስጀመሩት የጉዳት ሕክምና ሥልጠና ደግሞ አስቀድሞ የአየር መተላለፊያን፣ ቀጥሎ ትንፋሽን፣ ከዚያም የደም ዝውውርን መመርመር የሚለውን ቅደም ተከተል ለዓለም አስተምሯል፤ ቅደም ተከተሉ ቀላል የሚመስለው ለሚያነበው ብቻ ነው።

በናይሮቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ነርስ ወይም ሐኪም ሌላም ጉዳይ ይጠብቀዋል። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች፣ በአባል ሀገራቱ መካከል ያለው የሙያ ዕውቅና ስምምነት አያቅፈውም፤ የአዲስ አበባ ዲግሪውም በኬንያ የሙያ ተቆጣጣሪ አካል መመርመር አለበት። ስለዚህ ላቪንግተን ተቀምጦ የሥልጠና ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት፣ ሥልጠናው ዕውቀትን የሚያድስ ካርድ ብቻ የሚያስገኝ ነው ወይስ በሽተኛ ለመንካት የሚያስችል ፈቃድ ላይ የሚያደርስ፣ የሚለውን ከተቆጣጣሪው አካል አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል።