ከጨረር በኋላ አዲስ ፊኛ ይቻላል?

ከጀሞ ወይም ከለቡ እናትዎን ይዘው፣ ለዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ወደነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከተመላለሱ፣ የያኔውን ወረቀት አይጣሉት። ለማኅፀን በር ካንሰር የሚሰጥ ጨረር አጠገቡ ያለውን የሽንት ፊኛና አንጀትም ያገኛል፤ ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ፣ ደም በተቀላቀለበት ሽንት ሊጀምር ይችላል።

አንዳንዴ ፊኛው መውጣት ይኖርበታል። ያን ጊዜ ሐኪሞች ከትንሹ አንጀት ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ወስደው፣ ሰንጥቀውና ሰፍተው አዲስ ፊኛ ሊሠሩ ይችላሉ። ጨረር ያገኘው አንጀት ግን የደም ሥሮቹ ስለሚጠቡ ስፌቱ ቶሎ አይድንም፤ ሊያፈስ ይችላል። ሽንት የሚገታው ጡንቻ ከደከመም አዲሱ ፊኛ አይቋጥርም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ቀለል ያለው መንገድ ነው፦ ሽንቱ በአጭር የአንጀት ቁራጭ አልፎ ሆድ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይጠራቀማል። ቁራጩም ጨረሩ ካልደረሰበት፣ ከላይኛው የትልቁ አንጀት ክፍል ሊወሰድ ይችላል።

ከረጢት ሲባል ብዙዎች ይደነግጣሉ፤ አይፈረድባቸውም። ግን አዲስ ፊኛ የተሠራለትም ሰው ሽንቱ ሲመጣ እንደ ድሮው ስለማይሰማው ሌሊት በሰዓት ደወል ይነሳል። ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡ የጨረሩን መጠንና ያረፈበትን ቦታ የሚገልጸውን ወረቀት አስቀድመው ያሳዩዋቸው፤ ከዚያ የእናትዎ አንጀት የትኛውን እንደሚችል ይጠይቁ።