ተጨማሪ መረጃ፦ የተወገዘው ገዥና የጸናው ሕግ

ሎውል ዋይከር እ.ኤ.አ. በ1991 መጀመሪያ የአሜሪካዋ ኮነቲከት ግዛት ገዥ ሆነው ሥልጣን ሲይዙ፣ የግዛቲቱ በጀት ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጉድለት ነበረበት። ኮነቲከት በዚያን ጊዜ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ግብር አትቆርጥም ነበር።

ዋይከር በምርጫው ዘመቻ ወቅት የገቢ ግብርን እንደማይደግፉ ተናግረው ነበር። የካዝናውን ሁኔታ ካዩ በኋላ ግን አቋማቸውን ለወጡ። የገቢ ግብር ያልተካተተባቸውን ሦስት በጀቶች አልፈርምም ብለው መለሱ። በመጨረሻ በነሐሴ ወር 4.5 በመቶ የገቢ ግብር የሚጥለው ሕግ ጸደቀ፤ የሽያጭ ታክሱም ከ8 ወደ 6 በመቶ ወረደ።

የሕዝቡ ቁጣ ከባድ ነበር። በጥቅምት ወር 40 ሺህ ያህል ሰው በዋና ከተማዋ በሐርትፎርድ አደባባይ ወጣ። ገዥው በሰልፈኛው መካከል በእግራቸው ሲያልፉ ተሰደቡ፣ ተገፈተሩ፣ ምራቅም ተተፋባቸው። ያም ሆኖ ከሕጉ ወደኋላ አላሉም። እ.ኤ.አ. በ1992 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ስም የሚሰጠውን የጀግንነት ሽልማት አገኙ፤ በ1994 ግን ለዳግም ምርጫ አልቀረቡም።

ግብሩ የመንግሥትን ወጪ አሳብጧል የሚሉ ዛሬም አሉ። ሆኖም ከዋይከር በኋላ የመጡት ገዥዎች ሕጉን አልሻሩትም፤ የግዛቲቱም ዋና የገቢ ምንጭ ሆኖ ቀጥሏል። መሪን የምንመዝነው በዕለቱ ጭብጨባ ብቻ ከሆነ፣ የነገውን ዕዳ ዛሬ የከፈለውን ሰው ሳናመሰግነው እንቀራለን።

ተወያዩ፦ መሪ በምርጫ ጊዜ የገባውን ቃል መለወጡ ተገቢ የሚሆነው መቼ ነው?