ከአቃቂ ወንዝ እስከ እንዶድ፦ ለባዮሎጂ ተማሪ የሚያስፈልገው ኬሚስትሪና ሳይንሳዊ ዘዴ

ታላቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቋርጠው አቃቂ ቃሊቲ የሚደርሱት የከተማዋን ጉድ ሁሉ ተሸክመው ነው። ከቆዳ ፋብሪካ የወጣው፣ ከጋራዥ የተደፋው፣ ከመጸዳጃ ቤት ያመለጠው ሁሉ እየተቀላቀለ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። በዚያው ወንዝ ዳር ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ይለማል። ስለ ወንዙ የአካባቢው ሰው ቢጠየቅ መልሱ አጭር ነው፤ ተበክሏል። የባዮሎጂ ተማሪ ሥራ የሚጀምረው ግን ከዚህ መልስ በኋላ ነው። በምን ተበከለ? ምን ያህል? የትኛውን ፍጡር ይጎዳል? እንዴትስ ታወቀ?

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጥያቄዎች ያለ ኬሚስትሪ አይመለሱም። አራተኛው የሳይንሳዊ ዘዴ ጥያቄ ነው። ባዮሎጂን የመረጡት ከኬሚስትሪ ለመሸሽ የሆነ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም፤ ሽሽቱ ግን እስከ መጀመሪያው ዓመት ድረስ እንኳ አያስኬድም። ይህ ዳሰሳ የሁለቱን ትምህርቶች መሠረት፣ በተቻለ መጠን አቃቂ ላይ ቆሞ፣ ይቃኛል።

መላምትና ማነጻጸሪያ

የመማሪያ መጻሕፍት ሳይንሳዊ ዘዴን በደረጃ ይዘረዝሩታል፦ ምልከታ፣ ጥያቄ፣ መላምት፣ ትንበያ፣ ሙከራ፣ ትንተና፣ ድምዳሜ። በተግባር መንገዱ ወደ ኋላም ይመለሳል፤ ሙከራው መላምቱን ሲያፈርሰው ተመራማሪው እንደገና ወደ ምልከታው ይሄዳል። ከደረጃዎቹ ቅደም ተከተል ይልቅ ዋናው ነገር መላምቱ ስህተት ከሆነ ስህተትነቱ እንዲታይ ሆኖ መቀመጡ ነው። «የአቃቂ ውሃ ለአትክልት መጥፎ ነው» የሚለው አባባል ለፈተና አይመችም። «በወንዙ ውሃ የለማ ሰላጣ፣ በዚያው ማሳ በጉድጓድ ውሃ ከለማው ይልቅ በቅጠሉ ብዙ ካድሚየም ይይዛል» የሚለው ግን ይመቻል፤ ይለካል፣ ከተለካም ሊወድቅ ይችላል።

መላምቱ እንዲህ ሲቀመጥ የሙከራው ቅርጽ ራሱ ይወጣል። ሆን ተብሎ የሚቀየረው የመስኖው ውሃ ብቻ ነው። የሚለካው በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካድሚየም የተባለው መርዛማ ብረት ነው። ዘሩ፣ አፈሩ፣ ማዳበሪያው፣ የውሃው መጠንና የመሰብሰቢያው ቀን ለሁሉም መደብ አንድ መሆን አለባቸው። በጉድጓድ ውሃ የለማው መደብ ማነጻጸሪያ ይሆናል። አንድ አንድ መደብ ደግሞ አይበቃም፤ የአንዱ መደብ አፈር በአጋጣሚ የተለየ ሊሆን ስለሚችል ብዙ መደቦች ያስፈልጋሉ፤ የትኛው የትኛውን ውሃ እንደሚያገኝም በዕጣ መወሰን አለበት።

የማነጻጸሪያ ጥቅም አቃቂ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለዓመታት በወንዙ ውሃ የለማ አፈር ብረቱን በውስጡ አከማችቷል። ስለዚህ የጉድጓድ ውሃ የጠጣው ሰላጣም ካድሚየም ሊገኝበት ይችላል። ማነጻጸሪያ ያልተከለ ሰው በሰላጣው ያገኘውን ሁሉ ከዘንድሮው የወንዝ ውሃ የመጣ አድርጎ ይቆጥራል። የተከለ ሰው ግን ከአፈሩ የመጣውንና ከውሃው የመጣውን ይለያል። ለገበሬውም ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ውሃ መቀየር ብቻውን ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው የሚመለሰው በዚህ ነው።

አድዋ ላይ የሞቱት ቀንድ አውጣዎች

የዘዴው ምርጥ ኢትዮጵያዊ ምሳሌ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ የቢልሃርዚያን ስርጭት ሲያጠኑ አድዋ ነበሩ። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት ዕድገቱን የሚቀጥለው በውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ላይ ነው። አክሊሉ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት እንዳሉ አስተዋሉ። ብዙ ሰው ያየው ነገር ነበር፤ አክሊሉ ግን ፈተኑት። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው የእንዶዱ አረፋ እንዲጨመርባቸው አደረጉ፤ ሞቱ። ጥርጣሬው ወደ ቤተ ሙከራ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ሥራው ወደ ማኅበረሰቡ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ላይ ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ ቆይተው በሽታው ከ63 በመቶ ወደ ግማሽ ያህል ወረደ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ግን ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ነው የወረደው። የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ራሱ ትምህርት ነው። ትሉ በሰው ሰውነት ውስጥ ዓመታት ስለሚኖር የጠቅላላው ነዋሪ ቁጥር የቆየውን ሕመም ጭምር ይዟል። ቀንድ አውጣው መጥፋቱ አዲስ ሕመምን ይከላከል እንደሆነ በደንብ የሚናገሩት ሕፃናቱ ናቸው። የትኛውን ቁጥር ማየት እንዳለበት ያላወቀ ተመራማሪ ጥሩ ውጤት እጁ ላይ እያለ ሊያልፈው ይችላል።

እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። አንድን ነገር በቤተ ሙከራ ማስመስከር አንድ ነገር ነው፤ ለሌላው ፍጡር ያለውን ጉዳት መርምሮ በስፋት ማስፈቀድ ሌላ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ ዓመታት ወሰደ። አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል።

ንጥረ ነገሩ አንድ፣ ጠባዩ ሁለት

ከሰው ሰውነት ክብደት 96 በመቶ ገደማው አራት ንጥረ ነገሮች ናቸው፦ ኦክስጂን፣ ካርቦን፣ ሃይድሮጂንና ናይትሮጂን። ካልሲየም፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም፣ ሰልፈርና ሶዲየም ይከተላሉ። እንደ ብረት፣ ዚንክና አዮዲን ያሉት በጣም በትንሹ ያስፈልጋሉ፤ ከጎደሉ ግን ጉዳታቸው ትልቅ ነው። የአቶም ማንነት የሚወሰነው በፕሮቶኖቹ ቁጥር ነው፤ ኬሚካዊ ጠባዩን የሚወስኑት ግን ኤሌክትሮኖቹ፣ በተለይም የውጭዎቹ ናቸው።

ይህን ለመረዳት ከክሮሚየም የተሻለ ምሳሌ የለም። ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለፉት ሦስት ኤሌክትሮን በጎደለው ክሮሚየም ነው። ይህ አዮን ኮላጅን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን ክሮች እርስ በርስ ያስተሳስራል፤ ቆዳው የማይበሰብሰውም ለዚህ ነው። ወደ ሕያው ሕዋስ ግን በቀላሉ አይገባም። ስድስት ኤሌክትሮን የጎደለው ክሮሚየም ከኦክስጂን ጋር ተጣምሮ ክሮሜት ይሆናል፤ ቅርጹ ሰልፌትን ስለሚመስል ሕዋሱ ለሰልፌት በተሠራው በር ያስገባዋል። ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሮን መቀበል ሲጀምር ዲኤንኤን ይጎዳል፤ ካንሰርም ያመጣል። ስለዚህ «በወንዙ ውስጥ ክሮሚየም ተገኘ» የሚል ዘገባ ያላለቀ ዘገባ ነው፤ የትኛው ክሮሚየም እንደሆነ መነገር አለበት።

ውሃ፣ ቅባትና ሳሙና

በውሃ ሞለኪውል ውስጥ ኦክስጂን ኤሌክትሮኖቹን ከሁለቱ ሃይድሮጂኖች ይልቅ ወደ ራሱ ይስባል። አንዱ ጎን በትንሹ አሉታዊ፣ ሌላው በትንሹ አዎንታዊ ይሆናል። ጎረቤት ሞለኪውሎች በዚህ ምክንያት ይሳሳባሉ፤ ይህ የሃይድሮጂን ቦንድ ይባላል። ውሃ ዘግይቶ የሚሞቀው፣ በተክል ግንድ ውስጥ ሳይበጠስ ወደ ላይ የሚሳበው፣ ጨውንና ስኳርን የሚያሟሟው በዚህ ነው። ቅባት ግን እንዲህ ያለ ጎን ስለሌለው ውሃ ይገፋዋል፤ የሕዋስ ሽፋን የቆመውም በዚህ መገፋፋት ላይ ነው።

የእንዶድ ምሥጢር እዚህ ላይ ይፈታል። ፍሬው ሳፖኒን የሚባል ሞለኪውል አለው፤ አንድ ወገኑ ቅባት ወዳድ፣ ሌላው ውሃ ወዳድ የስኳር ሰንሰለት ነው። ስለዚህ የልብሱን ቅባት ይዞ ወደ ውሃው ይወጣል፤ የቀንድ አውጣውንም የሕዋስ ሽፋን ያፈርሳል። ያልተወቀጠው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በአብዛኛው ሁለት የስኳር ሰንሰለቶች አሉት፤ ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይሉም ደካማ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ሲዘፈዘፍ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም አንዱን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ያኔ ኃይለኛ ይሆናል። እናቶች እንዶድ ወቅጠው ውሃ ውስጥ ሲዘፈዝፉ የኢንዛይም ኬሚስትሪ እየሠሩ ነበር ማለት ነው።

ፒኤች፦ ያው መርዝ፣ ሌላ መጠን

ፒኤች የሃይድሮጂን አዮን ክምችት መለኪያ ነው። መለኪያው በአሥር ብዜት ስለሚሄድ ፒኤች 5 የሆነ ውሃ ከፒኤች 7 መቶ እጥፍ የሚበልጥ የሃይድሮጂን አዮን አለው። የሰው ደም ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ የሚቆየው በባይካርቦኔትና በመሰል መከላከያዎች ነው።

ለወንዝ ባዮሎጂ ፒኤች ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አሞኒያ ያሳያል። ከሽንትና ከፍሳሽ የሚመጣው አሞኒያ በውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፦ አሞኒየም አዮንና አሞኒያ። አዮኑ የዓሣን ስንጥብ ሽፋን በቀላሉ አያልፍም፤ አሞኒያው ግን ያልፋል፣ ዓሣውንም ይገድላል። ፒኤች 7 ላይ አሞኒያው ከጠቅላላው 1 በመቶ አይሞላም፤ ፒኤች 9 ላይ ሲሶ ገደማ ይደርሳል። በሐይቅ ላይ አልጌ ቀን ቀን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመገብ የውሃው ፒኤች ከፍ ይላል። ጠዋት የማይጎዳው የአሞኒያ መጠን ከሰዓት በኋላ ሊገድል የሚችለው ለዚህ ነው፤ ማንም ተጨማሪ ፍሳሽ ሳይለቅ።

ወንዙ ለምን ይጠቁራል?

ውሃ በባሕር ጠለል ላይ፣ በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጂን ያሟሟል። አቃቂ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ንጹሕ ውሃ እንኳ ከ7 ብዙ አይበልጥም። ባክቴሪያዎች ፍሳሹን ሲበሉ ይህን ትንሽ ኦክስጂን ይጨርሱታል። መተንፈስ ኤሌክትሮንን ከምግብ ወደ ኦክስጂን ማሸጋገር ነው። ኦክስጂን ሲያልቅ ሌሎች ባክቴሪያዎች ኤሌክትሮኑን ለሰልፌት ይሰጣሉ፤ የሚወጣው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ በጭቃው ካለው ብረት ጋር ተዋሕዶም ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ ጥቁር ጭቃና ያ ሽታ «እዚህ ኦክስጂን አልቋል» የሚሉ ምልክቶች ናቸው።

የቃሊቲው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ይህንኑ ኬሚስትሪ በቁጥጥር ሥር ያካሂደዋል። በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም ሲኖረው ፍሳሹ መጀመሪያ ኦክስጂን በሌለበት ገንዳ ያልፋል፤ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ወደ ሚቴን ጋዝ ይለውጡታል። ቀጥሎ አየር ባለበት ማጣሪያ ላይ ሲንጠባጠብ ሌሎች ተሕዋስያን የተረፈውን ይበሉታል።

ልኬቱ ከወንዙ ዳር ይጀምራል

በውሃ ውስጥ ያለን ኦክስጂን ለመለካት እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ የሚሠራበት የዊንክለር ዘዴ ለተማሪ እጅ አሁንም ምቹ ነው። ጠርሙሱ አየር ሳይቀርበት ጢም ተደርጎ ይሞላል፤ ማንጋኒዝ ሰልፌትና አዮዳይድ ያለበት አልካሊ ይጨመርበታል። ኦክስጂን ካለ ቡናማ ዝቃጭ ይወርዳል፤ ከሌለ ዝቃጩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ አሲድ ይጨመርና አዮዲን ይለቀቃል፤ ስታርች ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ታዮሰልፌት ጠብ ጠብ እየተደረገ ሰማያዊው የጠፋበት ነጥብ የኦክስጂኑን መጠን ይሰጣል። ጠርሙሱን ሞልቶ ወደ ካምፓስ እስኪመለስ ያቆየ ተማሪ ግን የሚለካው ወንዙን አይደለም፤ ባክቴሪያዎቹ በመንገድ ላይ ኦክስጂኑን በልተውታል። የመጀመሪያዎቹ ኬሚካሎች ወንዙ ዳር መጨመር ያለባቸው ለዚህ ነው። ለብረት ምርመራ የሚወሰድ ውሃም ብረቱ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቅ ወዲያው በናይትሪክ አሲድ ይጠበቃል።

ካርቦሃይድሬት፣ ቅባት፣ ፕሮቲንና ኑክሊክ አሲድ የሚባሉት አራቱ ታላላቅ የሕይወት ሞለኪውሎች ሰፊ ምዕራፍ ናቸው። ከላይ ያየነውን የያዘ ተማሪ ግን ወደዚያ ምዕራፍ ባዶ እጁን አይገባም፤ የሳፖኒኑ ስኳር፣ የሕዋሱ ሽፋን ቅባት፣ የቆዳው ኮላጅንና የተጎዳው ዲኤንኤ አራቱንም አስተዋውቀውታል። የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ በቃል መሸምደድ ፈተና ያሳልፍ ይሆናል። አቃቂ ላይ ለሚነሳው ክርክር ግን፣ ገበሬውም ፋብሪካውም ነዋሪውም የየራሱን ምክንያት በሚያቀርብበት ክርክር፣ የሚጠቅመው የትኛው መልክ፣ በምን መጠን፣ ከምን ጋር ተነጻጽሮ ብሎ መጠየቅ የለመደ ባዮሎጂስት ነው።